የሱሉልታ ውሃ ሰበታ አይደርስም

ድርቆሽ የጫነ መኪና በደጄ ባለፈ ቁጥር ከነከዘራዬ ቆሜ እቀራለሁ። የጎረቤት ልጆች «አባባ ደግሞ ጀመራቸው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይጀምረኛል። ካፊያ ነክቶት ፀሐይ ሲመታው የደረቀ ሣር የሚሰጠው ያ ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ጉልበቴ የማይሞክረውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ፣ ወዲያ ማዶ ሣር ክምር ላይ ጥርሱ የወላለቀ ልጅ አድርጎ ያስቀምጠኛል። ጥርሴ ዛሬም የወላለቀ ስለሆነ በዚህ በኩል እንኳ ብዙ አልተለወጥኩም።

ክምሩ የነበረው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ሰው አጥርና የፋብሪካ ጣራ የሚያይበት ቦታ ያኔ ከእንጦጦ ጀርባ ጀምሮ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ሣር ነበር። ኅዳር ሲገባ አባቴ ኦቦ ቱፋ ከወንድሞቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ማጭዱን ስሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እየዘፈነ ሲያጭድ ይውል ነበር፤ የታጨደው ደርቆ ሲከመር ደግሞ ክምሩን የመርገጥ ሥራ የልጆች ነበር። በዚህ ሥራ አለቃዬ እህቴ አስካለ ነበረች። እሷ የመጀመሪያ ልጅ፣ እኔ ለገሰ የመጨረሻው፤ በመሃል የተወለዱትን እግዜር ስለወሰዳቸው በእኔና በእሷ መካከል ሰፊ የዕድሜ ሜዳ ነበር፣ እሷም ያንን ሜዳ እኔን አዝላ ነው የተሻገረችው። ክምሩ ላይ እጄን ይዛ እያዘለለችኝ «ርገጥ ለጌ! አንተ ልጅ፣ ላባ ነህ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ላባ ነበርኩ። አሁንም ነፋስ ሲኖር ከቤት አልወጣም።

ቤታችን ሁለት ቋንቋ ነበረው። አባቴ ሲቆጣም ሲወድም በኦሮምኛ ነበር፣ እናቴ ደብሪቱ ደግሞ በአማርኛ፤ እኔ በሁለቱም ተመርቄያለሁ፣ በሁለቱም ተገርፌያለሁ። ኑሯችን የቆመው አባቴ በየጧቱ እንጦጦን ተሻግሮ ለአዲስ አበባ ሰዎች በሚያደርሰው ወተት ላይ ስለነበር፣ ዲምቱ የምትባለው ቀይ ላማችን ከእኔ በላይ ትከበር ነበር። ዲምቱ ራሷ ግን የምታከብረው አስካለን ብቻ ነበር። አስካለ ጎኗ ተቀምጣ ግንባሯን ሆዷ ላይ ደገፍ አድርጋ እያንጎራጎረች ስታልባት ወተቱ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ሌላ ሰው ከቀረባት እግሯን ታነሳለች። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬ ዛሬ ድረስ ምልክቱ አለብኝ፣ የት እንደሆነ ግን አልናገርም።

በጥር ከሰበታ ሰዎች በበቅሎ መጡ። አስካለ ተዳረች። እኛ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ሰበታ ደግሞ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በመሃል ከተማዋ ከነተራራዋ ተኝታ፤ ያኔ ግን ይህን ሁሉ የት አውቄው። የማውቀው ሰዎቹ ከመጡበት አቅጣጫ አቧራ መነሣቱን ብቻ ነበር። ሙሽራዋ ጸጉሯን ስትሠራ ከጎኗ ተሸጉጬ ጠየቅኳት፦

«እትዬ፣ ሰበታ ምን አለ?»

«ትልቅ ወንዝ አለ አሉ፣ ውሃው ጥርት ያለ።»

«እኛም እኮ ወንዝ አለን።»

«አለን እንጂ።» ዓይኗን ጠረገች። «ስማ ለጌ፣ ለመልስ እመጣለሁ። አፍህን ክፈት እስቲ... ይቺ ጥርስህ መነቃነቅ ጀምራለች። እኔ ሳልመጣ እንዳትወልቅ! እኔ ነኝ የምወረውርልህ።»

ጥርሴ በወለቀ ቁጥር ደጅ አውጥታ ጣራው ላይ የምትወረውርልኝ፣ «የለገሰን አሮጌ ውሰጂ፣ አዲስ አምጪ» ብላ ወፏን የምትለምንልኝ እሷ ነበረች። ስለዚህ እሷ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ሁሉን ነገር በግራ መንጋጋዬ ብቻ አኝክ ጀመር፤ የቀኙ ጥርስ ለአደራ የተቀመጠ ነበር።

መልስ ማለት እንግዲህ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራዋ ወላጆች ቤት ተመልሰው መጥተው የሚጋበዙበት ድግስ ነው። አባቴም በዚህ ነገር ላይ እንደ ድንጋይ የጸና ሰው ነበር፤ «አባት መልስ ሳይደግስ የልጁን ደጃፍ አይረግጥም» ይል ነበር። መልሱ ግን አልመጣ አለ። መጀመሪያ ሰበታ ላይ የባልየው አጎት ሞቱና ሐዘን ሆነ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ፋሲካ ሲፈታ የበልግ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አደረገው። ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ አስካለ ማርገዟ ተሰማና ሰበታዎቹ «ያረገዘች ሙሽራ በበቅሎ ዳገት አትወጣም» ብለው ላኩ። አባቴ መልእክቱን ሰምቶ ከብቶቹን እያየ «እንግዲህ እኛ አለን፣ እንጠብቃለን» አለ። እናቴ ምንም አላለችም፤ እናቴ ምንም ሳትል ስትቀር ግን ቤቱ ውስጥ ዕቃ ሁሉ ይንኳኳ ነበር።

ዲምቱ ወተቷን ከለከለች። አባቴ ለመናት፣ ሰደባት፣ በኦሮምኛ ዘፈነላት፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ እናቴ አስካለ ትታው የሄደችውን አሮጌ ቀሚስ ከሣጥን አውጥታ ለበሰችና ቀስ ብላ ጎኗ ተቀመጠች። ዲምቱ ቀሚሱን አሽትታ፣ ራሷን ነቅንቃ፣ ትንሽ አመንትታ ወተቷን ለቀቀች። ከዚያ ወዲያ እናቴ በየጧቱ ያን ቀሚስ ትለብስ ነበር። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ተነሥቼ ስወጣ፣ በጉም ውስጥ ያን ቀሚስ ከኋላው አየሁትና ሮጬ ሄጄ ተጠመጠምኩበት። እናቴ ዞር ስትል ፊቷን አይቼ እጄን ለቀቅኩ። እሷም ፊቴን በቀሚሱ ጫፍ ጠርጋ ወተት ሰጠችኝ። ላሟ እንኳ አሽትታ ነው የተታለለችው፤ እኔ ገና ከሩቅ።

ክረምቱ ገባ። የሱሉልታን ክረምት ያላየ ሰው ክረምት አየሁ አይበል፤ ሜዳው ሐይቅ ይሆንና እያንዳንዱ ጎጆ ደሴት ላይ እንደተሠራ ሁሉ ብቻውን ይቀራል፣ እንቁራሪቱ ሌት ተቀን ይጮሃል፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችው ሚጢጢ ወንዝ ደግሞ ሰው መስላ ትቆጣለች። ያን ሐምሌ፣ የገብስ ቆሎ በግራ መንጋጋዬ እየቆረጠምኩ ሳለ፣ ያቺ የአደራ ጥርስ ራሷ ሾልካ ምላሴ ላይ ወደቀች። እናቴ «ና ልወርውርልህ» ብትለኝ አፌን ጨፍኜ ሸሸሁ።

ወንዟ ዳር ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አስካለ ያለችበት አገር ትልቅ ወንዝ አለ። ትልቅ ወንዝ ከየት ይመጣል? ከትንሽ ወንዝ ነዋ። ትንሽ ወንዝ ያለው ማን ነው? እኛ! እነሆ፣ በሕይወቴ በራሴ ጭንቅላት ብቻ የደረስኩበት የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ግኝት ይህ ነበር። ከጓዳ የእናቴን ትንሽ ቅል ሰርቄ ጥርሴን ከተትኩበት፤ ብቻዋን እንዳትሆን ቆሎ ጨመርኩላት፤ ከዲምቱ ጭራ ሁለት ሦስት ጸጉር ነቅዬ ጨመርኩ፣ ይህ ከሁሉ አደገኛው ሥራ ነበር፤ አፉን በጨርቅና በሰም ደፍኜ ወንዙ ላይ ለቀቅኩት። ቅሉ አንድ ጊዜ ጠልቆ ብቅ አለ፣ ዞረ፣ ከዚያ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ በመታጠፊያው ተሰወረ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! በማግሥቱ ሌላ ቅል ላክሁ። ከዚያም ሌላ። እናቴ «ኧረ ቅሎቼን ማን ነው የሚበላብኝ?» እያለች ጓዳውን ስታምስ፣ እኔ እንደ ትልቅ ሰው «አይጥ ይሆናል» እላት ነበር።

መልስ ግን የለም። ወንዙ ዳር ሄጄ ከሰበታ የሚመጣ ነገር ስጠብቅ እውል ነበር፤ ውሃ ወደ ኋላ እንደማይመለስ እንኳ አልገባኝም ነበር።

መስከረም ጠባና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። አስተማሪያችን ጋሼ ፍቅሩ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣት ነበሩ፤ በየቀኑ ጫማቸውን ጠርገው የሚመጡና በየቀኑ ጭቃችን የሚያሸንፋቸው። አንድ ጧት ሰሌዳው ላይ በትልቁ «የጂኦግራፊ ትርጉምና ወሰን» ብለው ጻፉ። ከዚያ እየመሩን በአንድ ድምፅ አሉን፣ እኛም ጣራው እስኪነሣ ድረስ ጮኽን፦ «ጂኦግራፊ ማለት ስለ መሬትና በመሬት ላይ ስላለው ነገር ሁሉ የሚያስተምር ትምህርት ነው!»

ሁሉም ዝም ሲል እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሁሉ ሲባል እህቴም ትገባለች?»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ ፍቅሩ ግን አልሳቁም። «እህትህ የት ናት?»

«ሰበታ።»

«ሰበታ መሬት ላይ ነው። እንግዲያው ትገባለች።»

ያን ቀን ይህን ትምህርት ወደድኩት። እሳቸውም ሰበታ ከተባለ አይቀር ብለው ጠመኔውን አንሥተው ሣሉልን፤ እዚህ ሱሉልታ፣ እዚህ እንጦጦ፣ ሸንተረሩ እንደ ከብት ጀርባ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ እስከ ቡራዩና ገፈርሳ፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ሰበታ። «ልጆች፣ ይህን የከብት ጀርባ ልብ በሉ» አሉ። «ዝናብ በወዲህኛው ጎኑ ሲወርድ ውሃው በእኛ ሜዳ አልፎ ሙገር ይገባል፣ ከሙገር አባይ፣ ከአባይ ሱዳን፣ ከሱዳን ግብጽ። በወዲያኛው ጎኑ የወረደው ደግሞ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም በረሃ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ውሃዎች አይገናኙም።»

እጄ ሳላዘው ወጣ። «ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ።»

«የእኛ ወንዝ ሰበታ አይደርስም?»

«አይደርስም።»

«ጋሼ፣ ቅል ቢሆንስ?»

ጋሼ ፍቅሩ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «ቅልም ቢሆን» አሉ።

ቤት እስክደርስ አላለቀስኩም፤ በሩ ላይ ግን እናቴን ያን ቀሚስ ለብሳ ሳያት አልቻልኩም። ምን እንደሆንኩ ብትጠይቀኝ በለቅሶ መሃል አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ቅሉን፣ ሰሙን፣ የዲምቱን ጭራ፣ ጋሼ ፍቅሩ ያሉትን። መጀመሪያ ሳቀች፤ እናቴ ስትስቅ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቀች፣ ሳቀችና «ታዲያ ቅሉ ውስጥ ምን ከተህ ነበር?» አለችኝ።

«ጥርሴን። እትዬ እንድትወረውርልኝ።»

ሳቋ ቆመ። ተነሥታ አባቴ ወዳለበት በረት ሄደች፣ እኔም አፍንጫዬን እየጠረግኩ ተከተልኳት።

«የአስካለ አባት፣ ሰሙ?»

«ምኑን?»

«ልጅዎ ጥርሱን ግብጽ ልኳል።»

«ማን?»

«ይሄ ነዋ! ለእህቱ ብሎ በወንዝ ላከው። ይቺ ዕንቦቃቅላ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች፤ አንቱ እዚህ ቆመው መልስ ይጠብቁ። ልጄ ወሯ ገብቷል። እኔ ቅቤዬንና ማሬን ይዤ ለአራስነቷ እሄዳለሁ፣ እሱንም እወስደዋለሁ።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዲምቱን አሻሸ። «በቅሎዋ ማንን ታውቃለች? እኔ ነኝ የምጭናት» አለ በመጨረሻ። «እስከ ሸንተረሩ እሸኛችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ አላልፍም።»

በጥቅምት፣ ሜዳው መጠንፈፍ ሲጀምርና ሣሩ ለማጭድ ሲደርስ ተነሣን። በቅሎዋ መኪና ስለምትፈራ ከተማዋን በውጭ ዞረን፣ ሸንተረሩን ወጥተን፣ በገፈርሳና በቡራዩ በኩል ልንወርድ ነበር። ሸንተረሩ ጫፍ ስንደርስ ነፋሱ የእናቴን ነጠላ ነጠቀው፤ ከኋላችን የእኛ ሜዳ፣ ከፊታችን እኔ አይቼው የማላውቅ ሰማያዊ አገር። ይሄው ነው የጋሼ ፍቅሩ የከብት ጀርባ ብዬ እግሬን ከፍቼ ቆምኩ፣ አንዱን ወደ አባይ፣ አንዱን ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ትምህርት እንደገባው ሰው መሃሉ ላይ ሸናሁ። ግማሹ ሰበታ ባይደርስ እንኳ አቅጣጫውን ይይዛል ብዬ ነበር።

«በሉ እንግዲህ» አለ አባቴ። «እኔ ከዚህ አላልፍም።»

«እሺ፣ ደህና ይዋሉ» አለች እናቴ፣ ዞራም አላየችው።

ጥቂት እንደወረድን ድምፁን ከኋላችን ሰማን። «በቅሎዋ ቁልቁለት ላይ ታስቸግራለች። እስከ ገፈርሳ ልያዛት።» ገፈርሳ ደረስን፤ ውሃው በባሕር ዛፍ ተከቦ ዝም ብሎ ተኝቷል። እኔ ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ጠጣሁ፤ ይህ ውሃ እንኳ ታች አዋሽ ላይ እሷ ከምትቀዳው ጋር ይገናኛል፣ አስልቼዋለሁ። አባቴ ዙሪያውን ቃኘ። «ይሄ ጫካ ጅብ አያጣም» አለ። «እስከ ቡራዩ ልሸኛችሁ።» ቡራዩ ከዘመድ ቤት አደርን። ጧት እናቴ ልትሰናበተው ስትዞር እሱ በቅሎዋን ጭኖ ቆሟል። «ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ማን ያውቅላችኋል?» አለ። እሱም አያውቀውም ነበር፤ ሰው እየጠየቀ ነው የወሰደን።

ሰበታ የአማቾቹ አጥር ዘንድ ስንደርስ ግን እውነት ቆመ። ከአጥሩ ውጭ ካለ ዛፍ ሥር ከነጋቢው ቁጭ አለና «እናንተ ግቡ። እኔ መልስ ሳልደግስ ደጃፍ አልረግጥም» አለ። እናቴ ገባች። እኔ አልገባሁም፤ እግሬ ከበሩ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ምክንያቱም አስካለ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እየወጣች ነበር። ትልቅ ሆና፣ ቀልታ፣ ፊቷ ሞልቶ፤ እኔ ያሰብኳት በክምሩ ላይ ስትዘል ነበር። እኔን አልፋ ሄዳ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ እሱም ራሷን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ።

«አባዬ፣ ይግቡ እንጂ።»

«መልስ ሳልደግስ? እንዴት ተደርጎ?»

አስካለ ተነሥታ ገባችና በርጩማ ይዛ ወጣች። ከዚያ ምግቡን እዚያው ዛፉ ሥር አቀረበችለት። አማቷ ይህን አይተው ጠላ አስወጡ። ባሏ ወጣ። ጎረቤት ወጣ። ቤቱ ውስጥ ድመት እንኳ ሳትቀር ሁሉም ከአጥሩ ውጭ አባቴን ከብቦ ተቀመጠ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ባሏም ጉልበቱን ስሞ ተመረቀ። በመጨረሻ አማቷ፣ ጥርስ የሌላቸው ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ጽዋቸውን አንሥተው፦

«ኦቦ ቱፋ፣ ልጅዎን አዩ?»

«አየሁ።»

«አማችዎን መረቁ?»

«መረቅኩ።»

«በሉ እንግዲህ መልሱ ተበላ! የተገላቢጦሽ ሆነ እንጂ ተበላ። አሁን ይግቡልን፣ ብርድ ጨረሰን።»

አባቴ አሰበና፣ ጋቢውን አራግፎ፣ ማንም እንዳላስገደደው ሰው ቀና ብሎ ገባ።

አስካለ ያን ጊዜ ነው እኔን አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን ያዞረችኝ። «አፍህን ክፈት። ውይ፣ ወለቀች! ማን ወረወረልህ?» ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ግብጽ ናት» አለች፣ ከዚያም ታሪኩን ሁሉ አወጣችው፤ አስካለ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «እናቴ፣ ተይኝ፣ እወልዳለሁ!» እያለች ትጮህ ነበር። ከዚያ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። ዲምቱና ገብስ ትሸት የነበረችው እህቴ አሁን የሌላ ቤት ሽታ ነበራት፤ ድምፅዋ ግን የራሷ ነበር፣ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ልጇ ከኅዳር በፊት ተወለደ። እናቴ ለአራስነቱ ቀረች፣ እኔና አባቴ ወደ ሣራችን ተመለስን፤ እሱም ለአጫጆቹ ሁሉ «መልሱን ሰበታ ድረስ ወርጄ በላሁት» እያለ ኩራቱ አላስቻለውም።

እኔም ጥርሴን ያስከፈለኝን ትምህርት ልተወው ስላልቻልኩ አድጌ የጂኦግራፊ መምህር ሆንኩ። ዕድሜ ልኬን የውሃ መለያያውን ሰሌዳ ላይ ሣልኩ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር ሰበታን ሳይጠሩ ክፍለ ጊዜው አያልቅም» ይሉ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ወደ ሰበታ ወይም አስካለ ወደ ሱሉልታ እንመላለስ ነበር፤ እሷ አያት፣ ቅድመ አያት ሆነች፣ እኔ መላጣ ሆንኩ። ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም አበጡ፤ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸው፣ ከደቡብ ለፋብሪካና ለግንባታ የመጣው፣ ቦታ የገዛው ሁሉ ገባ፤ ሣሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

ከዚያ ያ ካርታ መጣ። አዳራሽ ጠርተውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ማስተር ፕላን ይሉታል፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በአንድ ወረቀት ላይ። ጎረቤቴ ኦቦ ዲሪባ ተነሥተው «የእኔ ማሳ የትኛው ቀለም ውስጥ ነው?» ብለው ጠየቁ፣ አቅራቢውም «አባት፣ ይህ ገና ጥናት ነው» አላቸው። ሰዉ አጉረመረመ። እኔ ግን ሞኙ፣ ካርታ ሲያይ ልቡ የሚጠፋው፣ የማየው ሌላ ነገር ነበር፤ ሱሉልታና ሰበታ በአንድ ቀለም፣ በመሃላቸው ሸንተረር ያልተሣለበት። ይህን ወረቀት ያን ክረምት አግኝቼው ቢሆን በሳምኩት ነበር። ወዲያው ደግሞ ኦቦ ዲሪባን አየኋቸው፣ አሁንም ቆመዋል፣ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ዘርግተው።

ብዙ ሳይቆይ ወጣቱ ወጣ። መሬታችን ይሄዳል የሚል ፍራቻ ከቤት ቤት ገባ፤ ተማሪው ጮኸ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ልጆች ሞቱ፣ እናቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። መንገዱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። አስካለ ደግሞ በዚያው ሰሞን አልጋ ያዘች። ስልክ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«አለሁ። ለጌ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ሩቅ ነው እንዴ? አንተ እኮ መምህር ነህ።»

«ኧረ ቅርብ ነው እትዬ።»

«ቅርብ ከሆነማ ትመጣለህ» አለች።

ሄድኩ። በልጅነቴ መንገድ፣ በሸንተረሩ። ቡራዩ መግቢያ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል፤ አንዱ ከዘራዬን አይቶ ቀረበኝና በአክብሮት «አባ ኮ፣ ደቢኣ» አለኝ፣ አባቴ ይመለሱ ማለቱ ነው። «እህቴ ታማብኝ ሰበታ» አልኩት። ፊቱ ተጨነቀ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። «ማዶ እየተተኮሰ ነው። እኔ ባሳልፍዎትም ወታደሮቹ አያሳልፉዎትም» አለኝ። እኔም የጂኦግራፊ መምህሩ፣ በገፈርሳ ጀርባ የሚወስድ ሌላ መንገድ እንዳለ ላስረዳው ሞከርኩ፤ እሱም «እሱም ዝግ ነው አባ» አለ። በልጅነቴ እዚያ ቦታ ላይ የጠፋው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበር፣ መንገዱ ራሱ ግን ክፍት ነበር። ተመለስኩ።

አስካለ የተቀበረችው መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ሲከፈት ደረስኩ፤ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ልጆቿ ጸጉራቸውን ተላጭተው ተቀምጠዋል። የበኩር ልጇ፣ ያ ከኅዳር በፊት የተወለደው፣ ዛሬ እሱም ሽበታም ሽማግሌ ነው፤ ተነሥቶ አቀፈኝ። «ጋሼ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር "ለጌ ነው፣ ክፈቱለት" ትል ነበር» አለኝ።

ካርታውም ተሰረዘ ተባለ። ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው። ባለፈው ለዓይኔ ሐኪም ዘንድ አዲስ አበባ ወርጄ፣ ታክሲ ተራው ዘንድ ሳልፍ አንድ ወያላ «ዓለም ገና ሰበታ! ሰበታ!» እያለ ይጮሃል። እኔም ሳላስበው ቆሜ ኖሯል።

«አባባ፣ ሰበታ ነዎት? ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!»

ያኔ ቀን ከግማሽ በእግራችን የሄድነውን ይህ ልጅ ከምሳ በፊት ያደርሰኛል፤ ከመውረጃው እስከ ቤቷ ያለውን እያንዳንዱን መታጠፊያ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ያኔ ስለ መንገዱ አንዲት ነገር አላውቅም ነበር፤ የማውቀው እዚያ ማን እንዳለች ብቻ ነበር። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩኝ ነው፣ ባዶው ወንበር በሩ አጠገብ ነው፣ ልጁም ክንዴን ለመደገፍ እጁን ዘርግቷል።

«አይ ልጄ» አልኩት፣ «እኔ ሱሉልታ ነኝ።»